የቴሌቪዥን ተዋናይትና የስክሪፕት ጸሐፊ፦ ስለ ሕይወቷና ስለ ሙያዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምትተውነውም ድርሰቱን የምትጽፈውም አንዲት ሴት ስትሆን ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ተዋናይትም ጸሐፊም መሆን ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው? አዲስ ነገር ነው?

ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎችን ደርቦ መያዝ ማለት ነው። በጸሐፊነቷ ታሪኩን ታዋቅራለች፣ ገጸ ባሕርያቱን ትቀርጻለች፣ እያንዳንዱን ትዕይንትና ምልልስ ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። በተዋናይትነቷ ደግሞ ከገጸ ባሕርያቱ አንዷን ሆና ካሜራ ፊት ትቆማለች። ጽሑፉ የሚጀመረው ከቀረጻው ወራት አስቀድሞ ነው፤ ትወናው ግን በቀረጻው ቀናት ያልቃል። ተመልካች የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ስለሆነ “ተዋናይት ናት፣ አልፎ አልፎም ትጽፋለች” የሚባለው ነገር የተለመደ ነው። በጊዜ ከተለካ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አብዛኛው የሥራ ጊዜዋ የሚያልፈው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራ ነው።

አዲስ ነገርም አይደለም። አሜሪካዊቷ ገርትሩድ በርግ በ1929 በሬዲዮ የጀመረችውን የአንድ ቤተሰብ ተከታታይ ድራማ ራሷ እየጻፈች የእናትየዋን ሚና ራሷ ትጫወት ነበር። ድራማው በ1949 ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገርም ሁለቱንም ሥራ አልለቀቀችም፤ በ1951 በምርጥ ተዋናይትነት ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ተቀብላለች። ቴሌቪዥን ገና ዳዴ ይል በነበረበት ጊዜ አንዲት ሴት ድርሰቱንም ትወናውንም ይዛ ነበር ማለት ነው።

ከትወና ይጀመራል ወይስ ከጽሑፍ?

ከሁለቱም ይጀመራል። የተለመዱት መግቢያዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው መድረክ ነው። እንግሊዛዊቷ ፊቢ ዎለር-ብሪጅ ብቻዋን የምትተውነውን አጭር ተውኔት በ2013 በኤድንብራ የፍሪንጅ ፌስቲቫል አቀረበች፤ በ2016 ያው ሥራ የቴሌቪዥን ተከታታይ ሆነ፤ በ2019 ደግሞ በአንድ ምሽት የምርጥ ኮሜዲ፣ የምርጥ ተዋናይትና የምርጥ ኮሜዲ ጽሑፍ ኤሚዎችን አስገኘላት። ሌላዋ እንግሊዛዊት ሚካኤላ ኮልም በ2012 ለብቻዋ ጽፋ የተወነችው ተውኔት በ2015 ተከታታይ ኮሜዲ ሆኗል።

ሁለተኛው መግቢያ ኢንተርኔት ነው። አሜሪካዊቷ ኢሳ ሬ በ2011 ዩቲዩብ ላይ አጫጭር ክፍሎችን እየጻፈችና እየተወነች መልቀቅ ጀመረች፤ በ2016 የራሷን ተከታታይ ኤችቢኦ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጀመረች። ሦስተኛው በጸሐፊዎች ቡድን በኩል መግባት ነው። አሜሪካዊቷ ቲና ፌይ በ1997 በታወቀው የቅዳሜ ምሽት ኮሜዲ ዝግጅት ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠረች፤ በ1999 የዝግጅቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ጸሐፊ ሆነች፤ ዝግጅቱ ላይ በቋሚነት መታየት የጀመረችው ከዚያ በኋላ በ2000 ነው።

ገንዘብም የሚያውቃት ሰውም ለሌላት ጀማሪ ከሦስቱ የሚመከረው መድረኩ ነው። አንድ ወንበርና አንድ መብራት ከተገኘ ይበቃል። ከዚያም በላይ የትኛው ዓረፍተ ነገር ሰው እንደሚያስቅ፣ የትኛው ላይ ሰው ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ እንደሚጀምር፣ ገና ማንም ሳይከፍልበት ያሳያታል።

የትወና ወይም የድርሰት ትምህርት ቤት መግባት ግድ ነው?

ግድ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ሙያዎች በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። ድምፅን፣ ትንፋሽን፣ አካልን መግራት ያለ አሠልጣኝ ይከብዳል፤ ሰው የራሱን ግድፈት በራሱ ጆሮ አይሰማምና። ጽሑፍን ግን የተጠናቀቁ ስክሪፕቶችን በማንበብና የራስን ጀምሮ በመጨረስ ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል።

ጥሩ ልምምድ የሚሆነው ይህ ነው፦ የምትወደውን ተከታታይ አንድ ክፍል ትከፍታለች፣ አጠገቧ ሰዓት ታስቀምጣለች። ለእያንዳንዱ ትዕይንት የተጀመረበትንና ያለቀበትን ደቂቃ፣ ማን ምን ፈልጎ እንደገባ፣ ሲወጣ ምን እንደተለወጠ በአንድ መስመር ትጽፋለች። 10 ክፍሎችን እንዲህ ከፈታች በኋላ ብዙዎቹ ትዕይንቶች ከ3 ደቂቃ እንደማይበልጡ፣ ምንም የማይለወጥበት ትዕይንትም እንደሌለ ማንም ሳይነግራት ታየዋለች።

የቴሌቪዥን ስክሪፕት ምን ይመስላል? ስንት ገጽ ይሆናል?

በብዛት የሚሠራበት አቀማመጥ ኩሪየር በተባለው የፊደል ዓይነት፣ በ12 መጠን የሚጻፍ ነው። በግራ በኩል ለጥራዝ የሚሆን 3.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በቀኝ ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። እያንዳንዱ ትዕይንት ሦስት ነገር በሚናገር ርዕስ ይጀምራል፦ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ቦታው የት ነው፣ ቀን ነው ወይስ ሌሊት። ከዚያ የሚታየውና የሚሰማው ነገር በአሁን ጊዜ ይገለጻል፤ ቀጥሎ የተናጋሪው ስም መሐል ላይ፣ ከሥሩ ንግግሩ ይሰፍራል።

በዚህ አቀማመጥ አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። የግማሽ ሰዓት ድራማ ከ25 እስከ 35 ገጽ፣ የአንድ ሰዓቱ ከ50 እስከ 60 ገጽ ይሆናል። ተመልካች ፊት በብዙ ካሜራ የሚቀረጽ ሲትኮም (ተከታታይ ኮሜዲ) ግን ንግግሩ መስመር እየተዘለለ ስለሚጻፍ ለዚያው ግማሽ ሰዓት ከ40 ገጽ ያልፋል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የገጹ ስሌት ጨርሶ ስለማይሠራ ማመን ያለባት ሰዓቱን ነው፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንቅስቃሴው በሚፈጀው ጊዜ ልክ እየቆመች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታነበዋለች።

የጀማሪዎች ዋናው ስሕተት ካሜራ የማያየውን መጻፍ ነው። “ሳራ እናቷ ናፍቃታለች” ብሎ መጻፍ ለማንም ሥራ አይሰጥም፤ ዳይሬክተሩ የሚቀርጸው፣ ተዋናይቷም የምታደርገው ነገር የለምና። “ሳራ የእናቷን ሻርፕ ታጥፋለች። ትፈታዋለች። ደግማ ታጥፋለች።” ሲባል ግን ለሁሉም ሥራ ተገኘ።

አንድ ክፍል ከሐሳብ ተነሥቶ ለቀረጻ እስኪደርስ በምን በምን ያልፋል?

መጀመሪያ ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ ማን፣ ምን ፈልጋ፣ ምን ይከለክላታል። ይህ ዓረፍተ ነገር ካልተገኘ ወደ ቀጣዩ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ቀጥሎ የአንድ ወይም የሁለት ገጽ ሲኖፕሲስ (የታሪኩ ማጠቃለያ) ይዘጋጃል። ከዚያ የካርዶቹ ሥራ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ካርድ ይወሰዳል፤ ላዩ ላይ ቦታው፣ እነማን እንዳሉ፣ ምን እንደሚለወጥ ብቻ ይጻፋል፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ ይደረደራሉ። ካርድ ማንሣትና ማዘዋወር የሚፈጀው ደቂቃ ነው፤ የተጻፈ ትዕይንት ማፍረስ ግን ቀናት ይበላል፣ ልብም ይሰብራል። ስለዚህ ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ቢያልቅ ይመረጣል።

ካርዶቹ ሲረጉ ትዕይንቶቹ ያለ ምልልስ በተራ ጽሑፍ ይዘረዘራሉ፤ ለአንድ ሰዓት ድራማ ይህ ዝርዝር ከ10 ገጽ በላይ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ረቂቁ የፕሮዲውሰሩንና የጣቢያውን አስተያየት ተቀብሎ ይታረማል፤ ተዋናዮቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ድምፅ አውጥተው ያነቡታል፤ በመጨረሻም ትዕይንቶቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ለቀረጻ ይወጣል።

ከትወና የመጣች ጸሐፊ የምትሰናከለው ካርዶቹን ዘልላ በቀጥታ ምልልስ ስትጀምር ነው። ንግግር አፏ ላይ ስለሚመጣላት ገጹ ቶሎ ይሞላል፤ ሲነበብም ደስ ይላል። 30ኛው ገጽ ላይ ግን ማንም ምንም እንዳልወሰነ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ቃላቱን በማሳመር ማዳን አይቻልም፤ ወደ ግድግዳው መመለስ ነው የሚያዋጣው።

ተዋናይት መሆኗ ለጽሑፏ ምን ይጠቅማታል?

ዋናው ጥቅም አንድ ንግግር በአፍ ሲባል ምን እንደሚሆን ማወቋ ነው። ከዓመታት በኋላ ወደ ቤት የምትመለስን እኅት እናስብ። ትወና የማያውቅ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ “አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አንቺ ለቀብሩ እንኳ ሳትመጪ ቀርተሽ ዛሬ ቤቱን ልትሸጪ መጣሽ?” መረጃው ሁሉ አለ። ግን ይህን የምትናገረው ተዋናይት ሐዘኑን ትጫወት ወይስ ቂሙን፣ ወይስ የቤቱን ጉዳይ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስትሸከም ሁሉም ይበርዳል።

ትወና የምታውቅ ጸሐፊ ይህንኑ ትበትነዋለች። በሩ ይከፈታል፤ ቤት የቀረችው ታላቂቱ በመጀመሪያ የምታየው ሻንጣውን ነው። “ሻንጣሽ ትንሽ ነው።” “አልቆይም።” “ለቀብሩም አልደረስሽም።” ዝምታ። “ቤቱን የሚያዩ ሰዎች ነገ ጠዋት ይመጣሉ።” አሁን እያንዳንዱ መስመር የሚጫወቱት አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ዝምታዋም የሁለቱም ናት።

ሌላው ጥቅም ቀረጻ ላይ የሚያስቸግረውን አስቀድማ ማወቋ ነው። አንድ ትዕይንት መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ በየተዋናዩ ክሎዝ አፕ (ፊትን ከቅርብ የሚያሳይ ምስል) እየተባለ ደጋግሞ ይቀረጻል። “እየበሉ ይነጋገራሉ” ብላ ከጻፈች ተዋናዮቹ በእያንዳንዱ ቴክ (ትዕይንቱ በተቀረጸ ቁጥር)፣ በዚያው ቃል ላይ፣ በዚያው እጅ፣ ያንኑ ጉርሻ ማንሣት አለባቸው፤ አለዚያ ኤዲተሩ ሁለቱን ምስሎች ማገጣጠም አይችልም። ከሰዓት በኋላ አፉ ምግብ የጠላው ተዋናይ ንግግሩን ይስታል። ስለዚህ መብላቱ ለታሪኩ ካላስፈለገ ምግቡ ገና እንዲቀርብ ወይም አልቆ እንዲነሣ አድርጋ ትጽፋለች። ትዕይንቱ አንድም ነገር አይጎድልበትም፤ ቀረጻው ግን ይቀልላል።

ጉዳቱስ?

ሁሉም ገጸ ባሕርይ እሷ በምትናገረው ዜማ መናገር ይጀምራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የተናጋሪዎቹን ስም በወረቀት ሸፍኖ ማንበብ። ማን እንደተናገረ ከንግግሩ ብቻ ካልታወቀ ገጸ ባሕርያቱ ገና አልተለያዩም። ሁለተኛው ጉዳት የምትችለውን ብቻ መጻፏ ነው። ማልቀስ የሚሆንላት ማስለቀስ ታበዛለች፤ ኮሜዲ የሚሆንላት ደግሞ ዝም መባል ባለበት ቦታ ቀልድ ትጨምራለች። ለዚህ የሚረዳው ሌላ ተዋናይት እንድትጫወተው የታሰበ ሚና እየጻፉ መለማመድ ነው። ዎለር-ብሪጅ በ2018 የጀመረውን የስለላ ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስትመራ በመሪዎቹ ሚናዎች ላይ ሌሎች ነበሩ፤ ብዕሯ ከራሷ ፊት ተለይቶ መቆም እንደሚችል በዚያ ታይቷል።

መሪዋን ገጸ ባሕርይ ለራሷ መጻፏ ራስ ወዳድነት አይደለም?

አይደለም። ማንም የማይሰጣትን ሚና ራሷ መፍጠሯ የዚህ ሙያ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ጥያቄው መነሣት ያለበት ስለ ሌሎቹ ሚናዎች ነው። ረቂቁን ይዛ መሪዋ የሌለችባቸውን ትዕይንቶች ትቁጠር፤ ከዚያም ታሪኩን የሚለውጥ ውሳኔ በሌሎች ገጸ ባሕርያት ስንት ጊዜ እንደተወሰነ ትመልከት። ሌሎቹ የሚገቡት እሷን ለማድነቅ፣ ለመበደል ወይም ጥያቄ ለመጠየቅ ብቻ ከሆነ ጎበዝ ተዋናዮች ሥራውን አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም አይቆዩም።

በቀረጻ ቀን ሁለቱን ሥራ እንዴት ታስኬዳለች?

ቀኑን ከፍላ ነው። በአንድ ካሜራ የሚሠራ የአንድ ሰዓት ድራማ በቀን ከ5 እስከ 8 ገጽ ይቀረጻል፤ አንድ ክፍል ለመጨረስ 7 ወይም 8 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የቀረጻው ፕሮግራም ሲወጣ እያንዳንዱ ገጽ በ8 እጅ እየተከፈለ ይቆጠራል፤ “ሁለት ስምንተኛ ገጽ” የተባለ ትዕይንት ሩብ ገጽ ነው። ተዋናይት ለሜካፕና ለፀጉር ከሌላው ሠራተኛ ቀድማ ስለምትገባ ጠዋት የሚጽፍ ሰው አይኖርም። ለዚያ ቀን የሚያስፈልግ የስክሪፕት ለውጥ ሁሉ ከዋዜማው ማለቅ አለበት።

ለውጦች በባለ ቀለም ወረቀት የሚሰራጩትም ለዚህ ነው። በአሜሪካ ልማድ የመጀመሪያው ነጭ ነው፤ ከዚያ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያለ ይቀጥላል። አንዱ ተዋናይ ሮዝ ገጽ፣ ሌላው ሰማያዊ ገጽ ይዞ ከመጣ ችግሩ ገና ከሩቅ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ይህ ነው፦ ሜካፕ ከተቀባችበት ሰዓት ጀምሮ ስክሪፕቱን የሚይዝላት ሌላ ሰው ይኑር፤ አብሯት የጻፈ ሰው ወይም ኮንቲኒዩቲ (የምስሎቹን መጣጣም) የሚከታተል ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሩ ከቴክ በፊት የሚያናግራት እንደ ማንኛዋም ተዋናይት ነው፤ የጽሑፍ ጥያቄ በእረፍት ሰዓት ይቀርባል። አብሯት የሚተውነውን ሰው ቃል ስቶ ሲናገር እዚያው ትዕይንቱ መሐል ማረም ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ያ ተዋናይ ከዚያ በኋላ ዓይኗን ሲያይ የሚታየው እኅቱ ወይም ሚስቱ አትሆንም፤ ፈታኝ ትሆንበታለች። ያ ደግሞ በክሎዝ አፕ ይታያል።

የራሷን ጽሑፍ ማጥናት አይቀላትም?

ብዙ ሰው የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ ይከብዳታል። ሌላው ተዋናይ የሚያውቀው የመጨረሻውን ስክሪፕት ብቻ ነው። እሷ ግን የዚያው ንግግር ሰባትና ስምንት ዓይነት አባባል ጭንቅላቷ ውስጥ አለ፤ ድካም ሲመጣ የተሰረዘው ይወጣል።

መፍትሔው ጥናቱን ከእርማቱ መለየት ነው። ለጥናት የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ይታተማል፤ እዚያ ላይ እስክሪብቶ አይነካም። የሌሎቹን ንግግር በስልኳ ትቀርጻለች፤ የሷ ተራ ሲደርስ ባዶ ጊዜ ትተዋለች፤ ከዚያ እየተራመደች ትመልሳለች። በጥናት ላይ ሳለች የተሻለ ቃል ቢመጣላት በሌላ ወረቀት ትጽፈዋለች እንጂ በዚያው ሰዓት አትቀይረውም።

አንድ ስክሪፕት ስንት ጊዜ ተመላልሶ ይጻፋል?

ቋሚ ቁጥር የለም፤ ኮል በ2020 ለቀረበው ተከታታይ ድራማዋ 191 ረቂቆች እንደጻፈች ተናግራለች። ቁጥሩ የሚያስፈራ ቢሆንም ለጀማሪ የሚጠቅመው በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ መፈለግ ነው። በአንደኛው ዙር ትዕይንቶቹ ቅደም ተከተላቸው ይታያል፤ በሌላው እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚፈልገው ነገር፤ በሌላው ደግሞ ከየትዕይንቱ መጀመሪያና መጨረሻ የሚቆረጥ መስመር። ሰላምታና ስንብት ብዙ ጊዜ የሚወጡት እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ንባብ ለማረም የሞከረ ሰው ኮማ ሲያስተካክል ይውላል።

ማቆሚያውም ይታወቃል፦ ትናንት የቀየረችውን ቃል ዛሬ መልሳ ካስገባችው ረቂቁ ለሌላ ሰው ዓይን ደርሷል።

ክፍያው እንዴት ነው? አንድ ደመወዝ ነው ወይስ ሁለት?

ሁለት ሥራ ነውና ሁለት ክፍያ፣ ቢቻል ሁለት ውል መሆን አለበት። የትወናው በቀን ወይም በክፍል ይታሰባል። የጽሑፉ ደግሞ በደረጃ ይከፈላል፦ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲደርስ፣ እርማቱ ሲጠናቀቅ። በብዙ አገሮች ድራማው በድጋሚ ሲታይ ወይም ለሌላ ጣቢያ ሲሸጥ ለተዋናይቷም ለጸሐፊዋም ለየብቻ የሚከፈል ድርሻ አለ።

ወጥመዱ “ሁሉንም ጨምሮ” የሚባለው አንድ ጠቅላላ ድምር ነው። ሲታይ ብዙ ይመስላል። ገጸ ባሕርይዋ በሁለተኛው ምዕራፍ ከታሪኩ ብትወጣ ግን የጽሑፉም ገንዘብ አብሮ ሊቋረጥ ይችላል፤ የትኛው ብር ለየትኛው ሥራ እንደሆነ አልተጻፈምና። ሌላው ገደብ የሌለው እርማት ነው። ውሉ አንድ ረቂቅ፣ ለምሳሌ ሁለት እርማትና አንድ የመጨረሻ ማስተካከያ ብሎ ይቁጠር፤ አስተያየት የሚሰጥበትንም ቀነ ገደብ ይወስን። ይህ ካልሆነ “ትንሽ ብቻ አስተካክይልን” እየተባለ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ይሄዳል።

ዕድሜ ሲገፋ ሚና መቀነሱ እውነት ነው? ጽሑፍስ ያድናል?

ለሴቶች የሚጻፉ ሚናዎች ከዕድሜ ጋር እየጠበቡ መምጣታቸው ተዋናይቶች ለረጅም ጊዜ ሲያነሡት የኖሩት ቅሬታ ነው። ጽሑፍ ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ግን ሥራዋን ከፊቷ ያላቅቀዋል። በርግ ወደ ቴሌቪዥን የገባችው ወደ 50 ዓመት ተጠግታ ነበር፤ የገባችውም ራሷ በጻፈችው የእናት ሚና ነው።

ስሟ በጸሐፊነት እንዲወጣ ምን ማድረግ አለባት?

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማስረጃ ማስቀመጥ አለባት። እያንዳንዱ ረቂቅ ቀንና ቁጥር ተጽፎበት በተለየ ፋይል ይቀመጥ፤ በአሮጌው ላይ አይጻፍበት። ለፕሮዲውሰር ስትልክ በኢሜይል ትላክ እንጂ በቃልና በፍላሽ ብቻ አታስረክብ። ስም አወጣጡ በውሉ ላይ ይስፈር፦ ሐሳቡን ያፈለቀችው፣ ታሪኩን የሠራችው፣ ስክሪፕቱን የጻፈችው ማን ናት? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ ክፍያቸውም ሊለያይ ይችላል።

ተዋናይት ልምምድ ላይ የተናገረችው ጥሩ መስመር ስክሪፕቱ ውስጥ ስለገባ ብቻ ጸሐፊ አይባልም፤ ያ የትወናው ሥራ አካል ነው። ትዕይንቶችን አዋቅራ ከጻፈች ግን ዝም ማለት የለባትም። ይህን ንግግር ቀረጻ ካለቀ በኋላ ማንሣት ሰውንም ያስቀይማል፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም።

የቅጂ መብቱ የማን ነው? ሁሉንም መሸጥ አለባት?

ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ የሚጠበቀው የተጻፈው ሥራ ነው። በ1886 የተፈረመውን የበርን ስምምነት በተቀበሉ አገሮች መብቱ ከሥራው መፈጠር ጋር ይወለዳል፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ምዝገባው ክርክር ሲነሣ ለማስረጃ ይጠቅማል።

አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሙሉውን መብት ነው። ኮል ለዚያው የ2020 ድራማዋ ከአንድ ትልቅ የኦንላይን ማሰራጫ 1 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦላት ነበር፤ ከመብቱ ጥቂት በመቶ እንኳ ሊተውላት ፈቃደኛ ስላልሆነ እንቢ አለች። ድራማውን በኋላ ቢቢሲና ኤችቢኦ አቀረቡት፤ እሷም በ2021 በአጭር ተከታታይ ድራማ ጽሑፍ የኤሚ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እንቢ ማለት ሁልጊዜ እንዲህ አያልቅም። ግን መብት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ለመገንዘብ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

መብቱን መሸጥ ግድ ሲሆን እንኳ በዝርዝር ይሸጥ። ለስንት ዓመት? ለየትኞቹ አገሮች? ትርጉምንና በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካትን ይጨምራል? ተከታይ ምዕራፍ፣ መጽሐፍ፣ መድረክ፣ በሌላ አገር እንደገና መሥራትስ? ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት የመመለሻ አንቀጽ ነው፦ ገዢው በተወሰነ ዓመት ውስጥ ቀረጻ ካልጀመረ መብቱ ወደ ጸሐፊዋ ይመለሳል። ይህ አንቀጽ ባለመኖሩ የአምራች መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀር ስክሪፕት ብዙ ነው።

የራሷን ሕይወት ብትጽፍ ቤተሰቦቿ ወይም ወዳጆቿ ሊከሷት ይችላሉ?

ሊከሷት ይችላሉ። ስም መቀየር ብቻውን አያድንም፤ የሚያውቁት ሰዎች “ይህ እገሌ ነው” ብለው መለየት ከቻሉ የስም ማጥፋት ወይም የግል ሕይወት ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ከተማውን፣ ሥራውን፣ ዕድሜውን፣ የቤተሰቡን ቁጥር አብሮ መቀየር፣ ሁለት ሦስት ሰዎችን ወደ አንድ ገጸ ባሕርይ መጠቅለል የተለመደ ነው። እንዲህ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ድርሰቱም ይሻሻላል፤ ጸሐፊዋ “እውነቱ እንዲህ ነበር” ከሚለው እስር ትፈታለችና። የማይቀየር ነገር ካለ የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከስርጭቱ በፊትም በሕግ ባለሙያ ማስነበብ ያስፈልጋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ያለፈባትን ሥቃይ ስትጽፍ አንድ ጊዜ ነው፤ ስትተውነው ግን በአንድ ቀን 10 ጊዜ ልትደግመው ትችላለች፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ። ያ ትዕይንት መቼ እንደሚቀረጽ፣ ማን ማን እንደሚገኝ፣ በኋላ ማን አብሯት እንደሚሆን አስቀድሞ ይወሰን። ከቀኑ መጨረሻ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲቸኩል እንዲቀረጽ መፍቀድ የለባትም።

የጸሐፊዎች ማኅበር አድማ ቢመታና የተዋናዮቹ ባይመታ ምን ታደርጋለች?

ይህ በተግባር ያጋጠመ ነው። በአሜሪካ በ2023 ጸሐፊዎቹ ከሜይ 2 እስከ ሴፕቴምበር 27 ለ148 ቀናት፣ ተዋናዮቹ ከጁላይ 14 እስከ ኖቬምበር 9 ለ118 ቀናት አድማ ላይ ነበሩ። ሁለቱ ማኅበራት በአንድ ጊዜ ሥራ ሲያቆሙ ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ተዋናዮቹ አድማ ከመጀመራቸው በፊት ግን ጸሐፊዎቹ ብቻ ያቆሙባቸው ከሁለት ወር በላይ የሚሆኑ ሳምንታት ነበሩ። በዚያ ጊዜ የሁለቱም ማኅበር አባል የሆነች ሴት በተዋናይትነቷ መተወን ትችል ነበር፤ በጸሐፊነቷ ግን አንዲት መስመር ማስተካከል፣ በሌላ ጊዜ የቀረጻ ቦታ ላይ እንደ ተራ ነገር የሚታየውን ትንሽ ለውጥ እንኳ ማድረግ አትችልም ነበር። ንግግሩ አፏ ላይ እየከበዳት እንደተጻፈው መናገር ወይም ቀረጻውን መተው ነበር ምርጫዋ። ሁለት ውል ያላት ተዋናይት ከመፈረሟ በፊት የጽሑፍ ሥራዋ ሲቋረጥ የትወና ግዴታዋ ምን እንደሚሆን ማስጻፍ ያለባት ለዚህ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዋን ይወስድባታል?

በሁለቱም በኩል ይነካታል፤ ስለዚህ በሁለቱም ውል ላይ መጻፍ አለበት። ከ2023ቱ አድማ በኋላ የአሜሪካ ጸሐፊዎች ስምምነት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጸሐፊነት እንደማይቆጠር፣ በመሣሪያው የተዘጋጀ ጽሑፍ ለጸሐፊ ሲሰጥም እንዲነገረው ደንግጓል። የተዋናዮቹ ስምምነት ደግሞ የተዋናይን ዲጂታል ቅጂ ለመሥራትና ለመጠቀም ፈቃድና ክፍያ እንዲኖር ይጠይቃል።

ማኅበር በሌለበት ቦታ የምትሠራ ተዋናይት ይህንኑ በራሷ ውል ማስገባት ትችላለች፦ ስክሪፕቶቿ ያለ ጽሑፍ ፈቃዷ ለመሣሪያ ማሠልጠኛ እንዳይውሉ፤ ድምጿና መልኳ ከዚህ ሥራ ውጭ እንዳይባዙ፤ ገጸ ባሕርይዋን ሌላ ሰው ቢቀጥልባትም እንኳ የሷ ፊት እንዳይለጠፍበት። የመጨረሻው የሚዘነጋ ነው። ገጸ ባሕርይዋ የኩባንያው ልትሆን ትችላለች፤ ፊቱ ግን የሷ ነው፤ ውሉም ሁለቱን በተለያየ አንቀጽ ማስቀመጥ አለበት።